የደወሉ መንገድ

ዓርብ፣ ግንቦት 4

ለችኩሊት፣

ከሁሉ አስቀድመሽ ይህን ተረጂ፦ ኮምፒውተሩ ፕሮግራም የምንጽፍበት ፓይተን የት እንደተቀመጠ አያውቅም። አንቺ ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ላይ python ብለሽ ስትጽፊ፣ እሱ በአንድ መስመር የተጻፈለትን የፎልደሮች ዝርዝር ይዞ ከግራ ወደ ቀኝ በየበሩ ማንኳኳት ይጀምራል። «ፓይተን እዚህ ቤት አለ?» ይላል። የለም ካሉት ያልፋል። አለ ካሉት እሱኑ ይዞ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያሉትን በሮች ዞሮም አያያቸው። ይህ ዝርዝር ስሙ PATH ነው፤ መንገድ ማለት ነው። የቀረው ሁሉ ከዚህ የሚከተል ስለሆነ፣ ይህ ካልገባሽ ደብዳቤውን እዚህ ላይ አጥፊውና ነገ እንደገና አንብቢው።

አሁን እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ሰላምታውን ከትምህርቱ በኋላ ያደረግሁት፣ ሰላምታውን አንብበሽ ትምህርቱን የመዝለል ልማድ ስላለሽ ነው።

ትናንት በስልክ ግማሽ ሰዓት ተጯጯህን፤ ያተረፍነው የጉሮሮ መከርከር ብቻ ነው። በስልክ መልእክት ልላክልሽ ብል ደግሞ ስልኩ ራሱ አራሚ ሆኖብኝ ትንሹን ፊደል ትልቅ ያደርገዋል፣ ያልጻፍኩትን ክፍተት ይጨምራል። አርባ ዓመት ሳርም ኖሬ በስተርጅና በስልክ መታረም አልፈልግም። ስለዚህ በወረቀት እንጻጻፍ። የአውቶቡሱ ሹፌር ጠዋት ሰጥተነው ማታ ያደርሳል፤ አንቺም ከወረቀቱ ላይ ፊደል በፊደል ገልብጪ።

ነገሩን በትክክል ይዤው እንደሆነ ልድገመው። የትምህርት ቤቱን ደወል የሚደውለውን ፕሮግራም ከሰባት ዓመት በፊት የጻፍኩት በፓይተን ሁለት ነጥብ ሰባት ነው። አሁን ኮምፒውተሩ ላይ ፓይተን ሦስት ገብቷል። እሱ ደግሞ የእኔን ጽሑፍ ቅንፍ ጎደለው ብሎ አላነብም ይላል። ደወሉ ዝም ብሏል። ርዕሰ መምህሩ፣ «ሰኞ ግንቦት 14 የፈተናው የመጀመሪያ ደወል ልክ በሁለት ሰዓት ተኩል ካልተደወለ የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ ታስረክቢያለሽ፤ ክፍሉም የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ይሆናል» ብሎሻል። እስከዚያው የበሩ ጠባቂ አባ ደወል፣ ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ሃያ ስድስት ዓመት የደወለበትን ብረት እንደገና ሰቅሎ እየቀጠቀጠ ነው፤ ሰዓቱም እንደ ድሮው ሰባት ደቂቃ ይቀድማል።

ኮምፒውተሩ «በራሱ ጊዜ ተለወጠ» ብለሽኛል። ወንበር በራሱ ጊዜ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። ግን ይህን አሁን አልጠይቅሽም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። አሮጌው ቨርዥን አልጠፋም፤ /opt/python2.7/bin በሚባለው ፎልደር ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያንኳኳበት አጥቶ ነው። በደወሉ መግቢያ ስም ግቢ። በተማሪዎቹ ስም እንዳትገቢ፤ እነሱ አዲሱን ይማሩበት። ከዚያ ይህን ፎልደር ዝርዝሩ ላይ ጨምሪ፤ በ export አጨማመሩን አስተምሬሻለሁ። ጨርሰሽ which python ብለሽ ጠይቂው። የትኛውን በር እንዳንኳኳ ይነግርሻል።

ራሴ ለምን እንደማልመጣ ለጠየቅሽው፣ ጉልበቴ ነው።

አጎትሽ


ሰኞ፣ ግንቦት 7

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ ከደወሉ በቀር ደህና ነኝ።

እንዳሉኝ አደረግሁ። በደወሉ ስም ገባሁ፣ ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ፣ ፎልደሩን ጨመርኩ። ይኸው የጻፍኩትን እንዳለ ገልብጬልዎታለሁ፦

export PATH=$PATH:/opt/python2.7/bin

which python ብዬ ጠየቅሁት። /usr/bin/python አለኝ፤ ያው አዲሱ ቨርዥን ያለበት በር። ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ ሦስት ጊዜ ያንኑ መለሰልኝ። በአራተኛው ኪቦርዱን በጥፊ ልለው ስል አባ ደወል በመስኮት ብቅ አሉ።

«እንዴት ነው መምህርት፣ በሽተኛው ዋለ?»

«ይሻለዋል አባ ደወል።»

«ይማረው። ካልሆነለት ግን ንገሪኝ፤ የኔ ብረት ሐኪም አይፈልግም።»

ብለው ሄደው የምሳውን ደወሉ። ከምሳ ሰዓት ሰባት ደቂቃ በፊት ማለት ነው። ልጆቹ ግቢው መሃል ቆመው አጨበጨቡላቸው። የኬሚስትሪው መምህር ብልቃጡን እንደያዘ በር ላይ ወጥቶ፣ «ኧረ ውሃዬ ገና አልፈላም!» ብሎ ሲጮህ፣ «ነገ ቀደም ብለህ ጣደው!» አሉት።

ይሳቁ እንጂ እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ዛሬ ርዕሰ መምህሩ ሜትር የያዘ አናጢ ይዞ ክፍሌ መጣ። አናጢው ግድግዳውን ለካ፤ ወንበሩ በስንት ረድፍ እንደሚደረደር ለማወቅ ነው። አርባ ሁለት ተማሪዎቼ ማሽኖቻቸው ላይ ተቀምጠው ያዩታል። አንዷ፣ «መምህርት፣ እኛስ የት እንደረደራለን?» አለችኝ። ሳቅሁና ወደ ትምህርታቸው መለስኳቸው።

ስለ ጉልበትዎ አዝናለሁ። ልጅዎ ግን በየማለዳው ከቤት እስከ ገበያ በእግርዎ ደርሰው እንደሚመለሱ፣ ያውም እሷን ቀድመው፣ ነግራኛለች። እኔም ይህን አሁን አልጠይቅዎትም።

የትኛው ፊደል ነው የተበላሸው ጋሼ? ቶሎ ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ማክሰኞ፣ ግንቦት 8

ለችኩሊት፣

ፊደልሽ አልተበላሸም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

የገለበጥሽውን መስመር ሳይ፣ ልጄ ምን ሆነ ብላ ከጓዳ እየሮጠች እስክትመጣ ድረስ ሳቅሁ። አዲሱን ፎልደር ከሁሉም ኋላ አሰለፍሽው! ማን እንዳስተማረሽ ደግሞ አውቃለሁ። ዘግይቶ የመጣ ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል፣ ምክንያት አይቀርብም፣ የማንም ልጅ ይሁን። ይህን በየማለዳው በዚያ ግቢ ለሠላሳ ዓመት ሳውጅ ኖሬአለሁ። አንቺንም የወንድሜ ልጅ ናት ሳልል ሁለተኛ ክፍል ሳለሽ ከሁሉ ኋላ፣ የውሃ ጉድጓዱ ክዳን ላይ አቁሜሻለሁ። ያኔ ጥርስሽን ነክሰሽ ቆምሽ፤ ይኸው ዛሬም በፎልደሩ ላይ ፈረድሽበት።

ኮምፒውተሩ ግን ይሉኝታ አያውቅም። መጀመሪያ ያገኘውን ይዞ ይመለሳል ብዬሽ ነበር። አዲሱ ቨርዥን ከፊት ባለው ቤት አለ፤ እዚያው አገኘውና ተመለሰ። የእኛ ሽማግሌ መጨረሻ ላይ ቆሞ ያንኳኩብኛል ብሎ ሲጠብቅ ዋለ። እኔ «ጨምሪ» አልኩ እንጂ የት ላይ እንደሚጨመር አልጻፍኩም። ተማሪ እንዲህ ያለ መልስ ቢሰጠኝ ከአሥር ሁለት እቀንስበት ነበር። መምህር ሲሆን ሦስት ይቀነሳል፤ ቀንሻለሁ።

አሁን ደንቡን እንጥሳለን። ሽማግሌውን ከሰልፉ ፊት አቁሚው፦

export PATH=/opt/python2.7/bin:$PATH

መጨረሻ ላይ ያለው $PATH «የድሮው ሰልፍ እንዳለ ይቀጥል» ማለት ነው። ይህን ጅራት እንዳትቆርጪው። እደግመዋለሁ፣ እንዳትቆርጪው።

ፕሮግራሙን እንዳለ በአዲሱ ቨርዥን ብንጽፈውስ ብለሽ በስልክ ለጠየቅሽኝ፣ ልክ ነሽ፤ ትክክለኛው ሥራ እሱ ነው። ግን ፈተና ስድስት ቀን ሲቀረው ጣሪያ አይነሳም። መጀመሪያ ዝናቡን እናሳልፍ።

ጉልበቴን ከልጄ ጋር አትመካከሪበት።

አጎትሽ


ሐሙስ፣ ግንቦት 10

ለውድ ጋሼ፣

ተደወለ! ተደወለ! ተደወለ!

አሁን ቁጭ ብዬ በሥርዓቱ ልንገርዎ። ትናንት ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ የማታ ተማሪዎችን የማስተምርበት ሰዓት ስለነበር ግማሹን አንብቤ ወደ ክፍል ሮጥሁ። (አውቃለሁ፤ አይቆጡ።) «ከሰልፉ ፊት አቁሚው» የሚለው ላይ ስደርስ ገባኝ ብዬ እጄ ቀደመኝ። ፎልደሩን ብቻውን ጻፍኩ፤ ጅራቱን ቆረጥኩት። which ብዬ ልጠይቅ ስል which ራሱ የለም አለኝ። ፋይሎቹን ዘርዝር ለማለት ls አልኩ፤ አላውቀውም። የጽሑፍ ማረሚያውን ጠራሁ፤ አላውቀውም። ያ ሁሉ የለመድኩት ትእዛዝ፣ ትናንት ወዳጅ የነበረ ሁሉ፣ በአንድ መስመር ከዳኝ። ከፓይተን በቀር የቀረኝ አልነበረም። አገር ምድሩን ለቅቄ መሄድ ነበር የቀረኝ።

ምን ላድርግ ጋሼ፣ ደንግጬ መስኮቱን ዘጋሁት። ውሃ ጠጥቼ መልሼ ከፈትኩት። ls አልኩት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ዘርዝሮ አሳየኝ! ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ላገኘሁት ምሕረት ምክንያት አልፈለግሁም። ዛሬ ደብዳቤዎን እስከ ፊርማዎ ድረስ አነበብኩ፣ መስመሩን ከነጅራቱ ጻፍኩ፣ which python አልኩ።

/opt/python2.7/bin/python

python dewel.py ብዬ አስነሳሁት። ይሠራ እንደሆነ ልየው ብዬ የሙከራውን ቁልፍ ተጫንኩ። ድምፅ ማጉያውን መቀነስ ረስቼ ኖሯል። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ከተጀመረ አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላውም፤ ደወሉ ግቢውን አናወጠው። ዘጠኝ መቶ ተማሪ ደብተሩን ጥሎ ወጣ። የኬሚስትሪው መምህር ደግሞ ብልቃጡን ይዞ ብቅ አለ። አባ ደወል ከበሩ መዶሻቸውን ይዘው ሮጠው መጥተው፣ «ግቡ! እሱ ውሸቱን ነው! ግቡ!» እያሉ ብረቱን ቀጥቅጠው ሁሉንም መለሷቸው። ርዕሰ መምህሩ በመስኮት አይቶኝ ራሱን ነቀነቀ፤ ግን ፈገግ ብሏል። አይቼዋለሁ።

አሁን ስለ ወንበሩ ልንገርዎ። በራሱ አልሄደም። አዲሱን ቨርዥን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ልጆቹ የሚማሩበት መጽሐፍ በአዲሱ ነው የተጻፈው፤ እነሱ ከመጽሐፉ ገልብጠው ማሽኑ እምቢ ሲላቸው ጥፋቱ የእነሱ እየመሰላቸው አንገታቸውን ሲደፉ ማየት አልቻልኩም። የእርስዎን ደወል ግን ረሳሁት። ይኸው ጥፋቴ። ሳልነግርዎ የቆየሁት አፍሬ ነው።

የሰኞን ፈተና ከእንግዲህ አልፈራም።

ደስተኛዋ ችኩሊት


ዓርብ፣ ግንቦት 11

ጋሼ፣

ለሰላምታ ጊዜ የለኝም። ትናንት ማታ ሁሉን ዘጋግቼ ቤቴ ሄድኩ። ዛሬ ጠዋት መስኮቱን ከፍቼ ደወሉን ሳስነሳ ያው የቅንፉ ስሞታ። which python አልኩት፤ /usr/bin/python። የጻፍኩት ሁሉ የለም! ማንም አልነካውም። አባ ደወል፣ «ትናንት አፉን ከፈተ፣ ዛሬ ዘጋ። የኔ ብረት እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም» አሉኝ። ቢናገሩ እውነታቸውን ነው።

ሁለት ቀን ቀረኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ቅዳሜ፣ ግንቦት 12

ለችኩሊት፣

የሐሙሱን ደብዳቤሽን ማታ ሁለቴ፣ ዛሬ ጠዋት አንድ ጊዜ አነበብኩት። ደስ አለኝ። ስለ ወንበሩ የጻፍሽውን ግን ከሁሉ በላይ ወደድኩት። ጥፋትሽን ተናገርሽ፣ ምክንያትሽንም ሳታሳንሺ ሳታጋንኚ አስቀመጥሽ። ምክንያቱም ጥሩ ነበር። ለልጆቹ ስትይ ያደረግሽውን እንዳትመልሺው። አሮጌውም አዲሱም በየበራቸው ይኑሩ።

አንድ ነገር ግን ሳትጠይቂኝ ልመልስ፤ ስትጠይቂኝ እንዳይዘገይ። መስኮቱን ዘግተሽ ስትከፍቺ ምሕረት ያገኘሽው፣ አንድ መስኮት ላይ የተጻፈ መንገድ ዕድሜው የዚያ መስኮት ዕድሜ ስለሆነ ነው። ጥቁር ሰሌዳ በይው፤ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ይጠፋል። ስሕተትሽን ያጠፋልሽ ልክ የሆነውንም ያጠፋብሻል። እንዲቆይ ከፈለግሽ ደብተር ላይ ነው የሚጻፈው። ደብተሩ በደወሉ ቤት፣ በራሱ ፎልደር ውስጥ ያለ .bashrc የሚባል ፋይል ነው። ስሙ በነጥብ ስለሚጀምር ተራ ዝርዝር ላይ አይታይም፤ ls -a ብትዪ ይታያል። መስኮት በተከፈተ ቁጥር ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ያነበዋል። ያንኑ መስመር ከነጅራቱ ከፋይሉ የመጨረሻ መስመር ሥር ጻፊው። ከላይ ያለውን አንድም ፊደል አትንኪ። አስቀምጪ። ዝጊ። አዲስ መስኮት ክፈቺና ጠይቂው። ሁለት ጊዜ ዘግተሽ ሁለት ጊዜ ጠይቂው።

ይህን ጨርሼ ፖስታውን ሳሽግ ሹፌሩ የትናንቱን ወረቀትሽን አመጣልኝ። ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ሊተላለፉ ነበር። መልሱ ከላይ ነው። አይዞሽ። ነገ እሁድ ስለሆነ ግቢው ጸጥ ይላል፤ በቀስታ ጻፊ።

አጎትሽ


ሰኞ፣ ግንቦት 14

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደ እርስዎ አድርጌ ከዋናው ልጀምር፦ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተደወለ። ልክ ተኩል ላይ። አሁን እንደምን ዋሉ?

እሁድ ከቤት ስወጣ አንድ ነገር ረስቼ ነበር፤ እሁድ በሩ ይቆለፋል፣ ቁልፉም ያለው አባ ደወል ዘንድ ነው። አንኳኳሁ።

«እሁድ ነው መምህርት።»

«አውቃለሁ አባ ደወል። ለደወሉ ነው።»

«እና እኔ ለሱ በር ልክፈትለት?»

ምን ብዬ ልዋሻቸው? ሁሉን ዘርግፌ ነገርኳቸው፤ ስለ ቁልፉ፣ ስለ አናጢው፣ ስለ ልጆቹ። ከዚያ ለመንኳቸው፦ «ሰኞ ከብረቱ ሥር ይቁሙልኝ። ተኩል ሲሆን እስከ አምስት ይቁጠሩ። ማሽኑ ዝም ካለ እርስዎ ይምቱ። ልጆቹ ፈተና ላይ ናቸው፤ በማናችንም ጥፋት ደቂቃ አይጉደልባቸው።»

«ማን ነው እንዲህ ብሎ የላከሽ? እሱ፣ አጎትሽ ነው?» አሉኝ።

«ማንም አልላከኝም። ራሴ ነኝ።»

«እሱማ አይልክም» አሉ። «ማሽኑ የገባ ቀን መዶሻዬን አንስቼ ልመታ ስል ነው ከራሴ በላይ ያ ነገር የጮኸው። ሰው ሁሉ እያየኝ እጄ አየር ላይ ቀረ። ብረቱ ቢወርድ አልጠላሁም፤ ክንዴም ደክሞ ነበር። ግን ለሰው አይነገርም ወይ ልጄ? አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ነገ እንዲህ ሊሆን ነው፣ አይባልም?»

ጋሼ፣ ስለ ጉልበትዎ ያኔ ገባኝ። ሌላ አልጨምርም።

በሩን ከፈቱልኝ። ከፍተውም አልሄዱ፤ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አወጡ፣ ደብዳቤዎችዎን ከእጄ ተቀበሉኝ። «እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ጻፊ» አሉ። የላቲን ፊደል አንድ በአንድ፣ ጣታቸውን እያስቀመጡ ነገሩኝ። እጄ ሲቀድም «ቆይ» ይሉኛል። ጅራቱ ጋ ስንደርስ፣ «ይህችን እንዳትቆርጫት ብሎሻል፣ ሁለት ጊዜ ብሎሻል» አሉ። ሁለት ጊዜ ዘጋን፣ ሁለት ጊዜ ጠየቅን፣ ሁለቱንም ጊዜ ትክክለኛውን በር ነገረን። ሲወጡ የኮምፒውተሩን ሰዓት አይተው የእጅ ሰዓታቸውን ሰባት ደቂቃ ወደ ኋላ መለሱ። «ለነገ ብቻ ነው» አሉ።

ዛሬ ጠዋት ማሽኑን አስነስቼ ደወሉን ለቀቅሁት፤ ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነበር። ከውጭ የመጣው የፈተና ተቆጣጣሪ ግቢው መሃል ሰዓቱን እያየ ቆሟል። ርዕሰ መምህሩ ከጎኑ። አባ ደወል ከብረቱ ሥር መዶሻቸውን አንስተዋል። እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜያለሁ። አንድ ብለው መቁጠር ሳይጀምሩ ደወሉ ጮኸ! እሳቸው መዶሻውን ቀስ አድርገው አወረዱና እንደ ፈታኝ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ተቆጣጣሪው፣ «የእኔ ሰዓት ግማሽ ደቂቃ ዘግይቷል መሰለኝ» ብሎ አስተካከለ። አባ ደወልም ሰምተው፣ «የዚህ ግቢ ደወል አይሳሳትም» አሉት። የዚህ ግቢ ደወል አሉ ጋሼ፤ በጆሮዬ ሰማሁ።

ርዕሰ መምህሩ ቁልፉን አልጠየቀኝም። አናጢውን ሲሸኘው ግን አየሁት፤ «የወንበሩን ነገር ከጂምናዚየሙ ጀርባ እናየዋለን» ይለው ነበር። ልጆቼ ሲሰሙ ጠረጴዛውን ደበደቡት።

እቅፍ አድርጌ ስሜዎታለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


ረቡዕ፣ ግንቦት 16

ለወንድሜ ልጅ፣

ደብዳቤሽን ለልጄ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የመዶሻው ቦታ ላይ ስደርስ ወረቀቱን ሰጠኋት፤ እሷ ተቀብላ ጨረሰችልኝ። ከዚያ ሁለታችንም እንደ ልጅ ሳቅን። ከአሥር አሥር ሰጥቼሻለሁ። ለማንም ሰጥቼ አላውቅም፤ ዘጠኝ ተኩል ነበር ጣሪያዬ።

ጉልበቴ ደህና ነው። ድሮም ደህና ነበር። ያን ደወል የሰቀልኩት በደስታ ነው፤ ፕሮግራሙን ለሦስት ወር ስጽፍ እያንዳንዱን መስመር አምስት ጊዜ ፈትሻለሁ። የማላውቀው ስሕተት አልነበረበትም። አንድ ሰው ዘንድ ሄዶ «ነገ እንዲህ ሊሆን ነው» ማለት ግን የማንኛውም መስመር ሥራ ስላልነበረ ረሳሁት። ያን ጠዋት እጁ አየር ላይ ሲቀር አይቼዋለሁ። ሄጄ ይቅርታ ልበል እያልኩ ዓመቱ አለቀ፣ ከዚያ ጡረታ ወጣሁ፣ ከዚያ ርቆ መኖር መልካም ሰበብ ሆነልኝ። አንቺ በአንድ እሁድ ያደረግሽውን እኔ በሰባት ዓመት አቃተኝ። ጠየቅሽው፤ በቃ።

ይቅርታዬን በሹፌር አልክም። እንዲህ ያለ ነገር በሰው እጅ አይሄድም። ፈተናው ሲያልቅ መጥቼ ራሴ እነግረዋለሁ። ከዚያም ፕሮግራሙን አንቺና ልጆቹ ሆናችሁ በአዲሱ ቨርዥን ትጽፉታላችሁ፤ እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ቅንፍ እቆጥራለሁ። ግን በሩን የሚጠብቀው እሱ ነው፣ ሳልጠይቀውም ሁለተኛ አልገባበትም። ስለዚህ ነገ ጠዋት፣ ከሥራሽ በፊት፣ ሄደሽ ጠይቂልኝ፦ ፈተናው ከሚያልቅበት ከግንቦት 24 በኋላ ብመጣ በሩን ይከፍትልኛል ወይ? ያለውን እንዳለ፣ ቃል በቃል ጻፊልኝ፤ ከፋም ለማም አታለዝቢው። ሹፌሩ ዓርብ ይመለሳል፤ መልስሽን በእሱ ላኪልኝ። መናኸሪያው ድረስ በእግሬ ሄጄ እጠብቀዋለሁና አታዘግዪብኝ።

አጎትሽ